ንብ ማነብን የተማርኩት ከጎረቤቶቼ ጋር ቀፎ እየከፈትኩ ነው

ንብ ማነብ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሥልጠና ነው። የት ይሰጣል? ስንት ቀን ይፈጃል? ምስክር ወረቀት አለው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የማውቀውን ያህል ወደ ታች እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። የምኖረው ዳንግላ አካባቢ ነው። በዙሪያዬ የንብ ማነብ ሥልጠና የወሰዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ዛሬ ማር የሚቆርጡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚህን ጥቂቶች ልብ ብዬ ሳያቸው፣ ሁሉም አብሯቸው ቀፎ የሚከፍት ሰው አላቸው።

ሌሎቹ ምን ሆኑ? ነገሩ በየሰፈሩ አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተቀመጡ። ንግሥት፣ ሠራተኛ፣ ድንጉላ (ወንዱ ንብ) የሚለውን ጻፉ። ዘመናዊ ቀፎ ተሰጣቸው። ቀፎው ግን ያለ ሰም ማተሚያ (ንቧ የምትሠራበትን የሰም ገበታ የሚያወጣ ዕቃ)፣ ያለ ማጨሻ፣ አንዳንዴም ያለ ንብ ነው የመጣው። ቤት ሲደርሱ የሚጠይቁት ሰው አጡ። ባለሙያው አንድ ነው፤ ቀበሌው ደግሞ ሰፊ ነው። ዓመት ሳይሞላው ቀፎው የዶሮ ማደሪያ ሆነ። እንዲህ የቀረ ቀፎ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል። ሰውዬው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ንብ ደግሞ በወረቀት ብቻ አይለመድም። ቀፎው ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ፣ የጭሱ መጠን፣ የእጅ አነሳሱ፣ ሁሉም በዓይንና በእጅ ነው የሚገባው።

እኛ ጋ የተጀመረው እንደ ደቦ ነው። አጨዳ በደቦ ይሠራል፣ ቤት በደቦ ይሠራል፤ ቀፎስ ለምን በደቦ አይከፈትም አልን። ተራ ወጣ። ዛሬ የእኔ ጓሮ፣ በሚቀጥለው የጎረቤቴ። ባለ ተራው ቡና ያፈላል፣ ቆሎ ያቀርባል። ሌላ ወጪ የለውም። አበል የለም፣ ፊርማ የለም። እንዲያውም አበል አለመኖሩ ጥሩ ነገር ሆነ፤ የሚመጣው ሰው ለንቡ ብሎ ነው የሚመጣው።

አከፋፈታችን ይህን ይመስላል። የኛ አገር ንብ ቁጡ ስለሆነች ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ነው የምንጀምረው። በአቅራቢያ የታሰረ በግ፣ ፍየል ወይም አህያ ካለ አስቀድመን ወደ ሩቅ እናዛውራለን። ይህን እንዳትዘነጉ፤ ንብ ስትቆጣ ሰው ሮጦ ያመልጣል፣ የታሰረ እንስሳ ግን ማምለጫ የለውም። ልጆች ቤት ይገባሉ። ሽቶ የተቀባ ሰው አይጠጋም። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት እናደርጋለን፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ጭሱም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከመግቢያዋ ፊት ለፊት ማንም አይቆምም፤ ከጎን ወይም ከኋላ ነው። በመግቢያው በኩል ጥቂት ጭስ ይሰጥና ትንሽ ይጠበቃል። ችኮላ የለም። ከዚያ ክዳኑ ይነሳል።

መጀመሪያ የሚወጣው የዳሩ ፍሬም፣ ማለትም ንቧ ሰሟን የምትሠራበት የእንጨት ማዕቀፍ ነው። እሱ ሲወጣ ለሌሎቹ ቦታ ይለቃል፤ ንብም አትፈጭም። ፍሬሙን የያዘው ሰው ከቀፎው በላይ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ንግሥቲቱ ድንገት ብትወድቅ ተመልሳ እዚያው እንድትወድቅ። ከዚያ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ወደ ሰሙ ጉድጓዶች መመልከት ነው። እንቁላሉ ከጉድጓዱ ወለል ላይ እንደ ነጭ ክር ቁራጭ ቆሞ ይታያል። አዲስ ሰው መጀመሪያ አያየውም። አንዷ "የቱ ጋ ነው? ምንም አይታየኝም እኮ" ትላለች። ሌላዋ አጠገቧ ቆማ ፍሬሙን ትንሽ ዘንበል ታደርግላታለች። "አየሁት!" የምትለው ያኔ ነው። ይህችን ቅጽበት አዳራሽ ውስጥ ማግኘት አይቻልም።

አንድ ሰው ደብተር ይይዛል። ቀኑን፣ እንቁላል መታየት አለመታየቱን፣ ስንት ፍሬም በንብ እንደተሸፈነ፣ ማሩ የት እንደደረሰ ይጽፋል። ደብተሩ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ስንመጣ የምናወዳድርበት እሱ ነው።

ስለ መነደፍም ላንሳ። መነደፍ አይቀርም። መውጊያውን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ አትንቀሉ፤ መርዙን ጨምቃችሁ ታስገቡታላችሁ ይባላል፤ ዋናው ግን ፍጥነቱ ነው። በጥፍር ጠረግ አድርጋችሁ ቶሎ አውጡት። ቦታው ቢያብጥና ቢያሳክክ የተለመደ ነው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊትና ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ካለ ወይም ራስ ካዞረ ግን አንድ ደቂቃ አትጠብቁ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ። ለዚህም ነው ማንም ሰው ብቻውን ቀፎ እንዳይከፍት የምንለው።

አሁን የቡድን ዋና ጥቅም ወደምለው ልምጣ። ንግሥት ስትሞት ወይም ስትጠፋ ምን ይደረጋል? ብቻውን አንድ ቀፎ ያለው ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። ንቡ ቀስ በቀስ ይመነምናል፣ የሰም ብል ይገባበታል፣ ያልቃል። ጎረቤት ያለው ሰው ግን መፍትሔ አለው። ከጎረቤቱ ቀፎ አዲስ እንቁላል ያለበትን አንድ ፍሬም ያመጣል። ንቦቹን አራግፎ ፍሬሙን ብቻ ነው የሚያመጣው፤ የታመመ ዕጭ (ገና ያላደገ የንብ ልጅ) እንደሌለበትም አስቀድሞ ያያል። ንግሥት አልባ የሆኑት ንቦች ከዚያ እንቁላል ራሳቸው ንግሥት ያሳድጋሉ። ከእንቁላል ተነስታ ንግሥት እስክትወጣ 16 ቀን ገደማ ነው። ሠራተኛዋ 21፣ ድንጉላው 24 ቀን ይፈጅባቸዋል። ንግሥቲቱ ከወጣች በኋላ ደግሞ በርራ ከድንጉሎች ጋር ተገናኝታ እስክትመለስና እንቁላል እስክትጥል ጊዜ ያስፈልጋታል። በዚህ መሃል ቀፎውን መነካካት ክልክል ነው። ወር አካባቢ ታግሶ ነው የሚከፈተው።

የጎረቤቴ ቀፎ የዳነው በዚህ መንገድ ነው። ከእኔ ቀፎ አንድ ፍሬም ሰጠኋት። ታግሰን ስንከፍተው መሃል ላይ ባለው ሰም ላይ አዲሲቱ ንግሥት የጣለችው እንቁላል ሞልቶ አገኘን። ሴትዮዋ እልል አለች። ንቦቹ ሊቆጡ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ግን ዝም ማሰኘት አልቻልኩም።

ለዚህ ሲባል ግን ቀፎው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኛ አገር በብዛት የሚሠራበት ዛንደር የሚባለው ዘመናዊ ቀፎ ነው፤ ላንግስትሮትም አለ። የአንዱ ፍሬም ለሌላው አይገባም። እናንተ ቡድን ስትመሠርቱ አንዱን መርጣችሁ ተስማሙ። ለአናጺው ስትሰጡም ልኩን አጥብቁ። ፍሬሙና የቀፎው ግድግዳ መሃል ያለው ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው መሆን ያለበት። ከሰፋ ንቦቹ ትርፍ ሰም ይሠሩበታል፤ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል። ያኔ ፍሬሙ አልነቃነቅ ይላል፣ ዘመናዊነቱም ይቀራል። እንጨት ሥራ ጎበዝ የሆነ አናጺ ሁሉ የቀፎ አናጺ አይደለም። አንድ በትክክል የተሠራ ቀፎ ወስዳችሁ አሳዩት።

ዘመናዊ ቀፎ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰውም ከቡድኑ አይቀርም። ከጨፈቃና ከጭቃ የሚሠራ የሽግግር ቀፎ አለ። ከላይ ጣውላ ይደረደርበታል፤ ንቧ ሰሟን ከዚያ አንጠልጥላ ትሠራለች። እያነሱ ማየት ይቻላል። በእኔ እምነት ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። ርካሽ ነው፣ በገዛ እጅ ይሠራል፣ ሰም ማተሚያም አይፈልግም።

በኛ ቡድን ሴቶች ይበዛሉ። ባህላዊው ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀል ስለነበር ሥራው የወንድ ነው ተብሎ ኖሯል። ማታ ዛፍ ላይ ወጥቶ ማር መቁረጥ ለሴት አይሆንም ይባላል። ቀፎው ጓሮ ሲወርድ ግን በር ተከፈተ። ችግሩ ሥልጠናው ጋ ነው። ሰልጣኝ ሲመዘገብ የሚጠራው አባወራው ነው። እሱ ሰልጥኖ ይመጣል፤ ቀፎውን ጠዋትና ማታ የምታየው፣ ጉንዳን ሲወጣበት የምትጠርገው፣ ውሃ የምታስቀምጠው ሚስት ግን አልሰለጠነችም። ይህ መታረም አለበት። ስም ዝርዝር ሲወጣ "ንቡን በየቀኑ የሚያየው ማነው?" ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። የሥልጠናው ሰዓትና ቦታም እንዲሁ። ልጅ ያላት ሴት ከተማ ሄዳ አታድርም፤ የቀበሌው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ግን ትመጣለች።

ሌላው መምህራችን ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቀርከሃ ቀፎ ሲጎነጉኑ፣ በእበት ሲለስኑ፣ በወይራ ሲያጥኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘመናዊ ቀፎ ሲመጣ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። እኛ ጠርተናቸው ሲመጡ ግን ስንት ነገር አገኘን! መንጋ (ከቀፎ ወጥቶ አዲስ ቤት የሚፈልግ ንብ) የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ። ቅርንጫፍ ላይ ያረፈን መንጋ እንዴት ውሃ እፍ ብሎ አረጋግቶ ወደ ቀፎ እንደሚያስገቡት አሳዩን። አዲስ ቀፎን ሰም ቀብቶ ማጠን መንጋ እንደሚጠራ የነገሩን እሳቸው ናቸው። "ልጆቼ፣ ንብ የሰው ሽታ የበዛበት ቤት አትገባም" ይሉናል። እኛ ደግሞ ፍሬም አውጥተን እንቁላል አሳየናቸው። "ይኼንን ሁሉ ዘመን ውስጧን ሳላያት!" አሉ። እናንተም ሰፈር እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። ፈልጋችሁ ጥሯቸው።

የሰም ሥራም አብሮ ሲሠራ ይቀላል። ለዘመናዊ ቀፎ በማተሚያ የወጣ ሰም ያስፈልጋል፤ ማተሚያውን ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው ቢገዛው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚጠቀምበት። እኛ እቁብ ጥለን ገዛነው። ማሩን ከፍሬሙ በሽክርክሪት የሚያወጣውን ማሽንም እንደዚያው። ሰሙን የምናገኘው ከሰፈፍ ነው። ጠጅ ከሚጥሉ ሰዎች ሰፈፉን ሰብስበን በውሃ አቅልጠን እናጣራዋለን። ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰም ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ከሻማ ሰም ጋር የተቀላቀለ አለ። ንብ አትወደውም፤ በሙቀት ጊዜም ይወርዳል። በራሳችሁ ሰፈፍ ብትሠሩ ይሻላል።

ከሁሉ የከበደን የፀረ ተባይ ርጭት ነበር። ጎረቤት አትክልቱን ጠዋት ሲረጭ፣ ንቡ አበባ ላይ ነው ያለው። ከሰዓት የቀፎው ደጅ በሞተ ንብ ይሞላል። ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ወጥቷል፤ መኖሩን ማወቅ ጥሩ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ክስ ጎረቤት ያጣላል እንጂ ንብ አይመልስም። ስለዚህ ጉዳዩን ይዘን እድር ስብሰባ ላይ ገባን። የሚረጭ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ይነግራል፤ የሚረጨውም አመሻሽ ላይ፣ ንብ ቤቷ ስትገባ ነው። አበባ የያዘ ሰብል ላይ አይረጭም። በምላሹ እኛ ቀፎዎቻችንን ከመንገድና ከውሃ መቅጃ ራቅ አደረግን፤ ይህም የጎረቤቶቻችን የቆየ ቅሬታ ነበር። ስምምነቱ ሁልጊዜ ይከበራል አልልም። ግን ዛሬ ብዙዎቹ ስልክ ይደውላሉ። "ነገ ማታ ልረጭ ነው፣ ንብሽን ያዢ" ይሉኛል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዱባና ጎመን ዘሩ የሚይዘውም ንብ ሲኖር መሆኑን ሲረዱ ደግሞ ነገሩ የእነሱም ሆነ።

ለንብ ቀለብ የሚሆን ተክልም እየተከልን ነው። በክረምት የችግኝ ጊዜ ከችግኝ ጣቢያው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራዋና ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ቁጥቋጦ እንጠይቃለን። ባሕር ዛፍ ብቻ ሲተከል ዝም አንልም። ግንቦት 12 የዓለም የንብ ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ወስኖት ከ2010 ዓ.ም አንስቶ ይከበራል። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ በዚያን ሰሞን ተማሪዎችን ባዶ ቀፎና ፍሬም አስነካቸዋለሁ፣ ማር አቀምሳቸዋለሁ። የግራዋው ማርና የአደይ አበባው ማር ጣዕሙ ሲለያይባቸው የሚጠይቁት ጥያቄ አያልቅም።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። መጀመሪያ በር የሚንኳኳው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋ ነው። ከእሱ በላይ የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት የንብ ባለሙያ አለው። ጠለቅ ያለ ነገር ለሚፈልግ በኛ በኩል ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። በአገር ደረጃ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ንብ ላይ የሚሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም በማኅበረሰብ አገልግሎታቸው ይሠራሉ። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ሞየሽ በተባለ ፕሮግራም ብዙ ወጣቶችን በማርና በሐር ሥራ አደራጅቷል። በየወረዳው የሚመጣው ዕድል ስለሚለያይ ጆሮ ሰጥቶ መከታተል ያስፈልጋል።

አጠያየቁ ግን ለውጥ ያመጣል። አንድ ሰው ሄዶ "ሥልጠና ስጡኝ" ቢል ስሙ ተጽፎ ይቀራል። ቡድን ሆናችሁ በጽሑፍ ስትጠይቁ፣ ያውም ጥያቄያችሁን ለይታችሁ ስትጠይቁ፣ ባለሙያው ራሱ ደስ ብሎት ይመጣል። እኛ "ስለ ንብ አሠልጥኑን" አላልንም። "ሕብረ ንብ መክፈል፣ የአንዱን ቀፎ ንብ ለሁለት ማድረግ፣ ማወቅ እንፈልጋለን፤ ንብም ቀፎም አለን፤ እዚህ መጥታችሁ በእጃችን አሠሩን" አልን። መጡ። ድንጉላ በበዛበት፣ አበባ በሞላበት በመስከረምና ጥቅምት መሃል ነው መክፈል የሚቻለው፤ ንግሥት የምትገናኘው ድንጉላ ሲኖር ነውና። ጠንካራ ቀፎ ተመረጠ። ፍሬሙ ለሁለት ተከፈለ፤ ንግሥት የሌለበት ወገን አዲስ እንቁላል እንዲደርሰው ተደረገ። የቀረውን የንግሥት አስተዳደግ ከጎረቤቴ ቀፎ አስቀድመን እናውቀው ነበር። ሥልጠናው የያዘልን ለዚህ ነው። ድሮ ሕብረ ንብ ከገበያ እንገዛ ነበር፤ አሁን አዲስ ሰው ቡድኑን ሲቀላቀል ከአንዳችን ቀፎ ከፍለን እንሰጠዋለን።

ስለ ማር ሽያጭ አጭር ነገር ልበል። ንቦቹ የማሩን ጉድጓዶች ቢያንስ ሦስት አራተኛውን በሰም ሳያሽጉ ማር አትቁረጡ። ያልበሰለ ማር ውሃው ብዙ ነው፣ ይፈላል። ዕጭ ያለበትን ሰም ከማሩ ጋር አትቀላቅሉ። ለጠጅ የሚገዛ ሰው ግድ ላይሰጠው ይችላል፤ ለምግብ የሚገዛ ግን አንዴ ካዘነባችሁ አይመለስም። እኛ የሁሉንም ማር አብረን ነው የምናወጣው፤ የአንዱ ዕቃ ንጹሕ ካልሆነ ሌላው ያሳጥበዋል።

መጀመር ለምትፈልጉ ጊዜውን ልንገራችሁ። ይህ የኛ አካባቢ ወቅት ነው፤ እናንተ ጋ አበባው መቼ እንደሆነ አረጋግጡ። ሰኔና ሐምሌ ቀፎ ይሠራል፣ ሰም ይታተማል። የቀፎው መቆሚያ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ፤ ጉንዳን ከሌላው ጠላት ሁሉ ይብሳል። በክረምቱ ዝናብ ነባር ቀፎ ያለው ሰው በሶ፣ ሽሮ ወይም የስኳር ውሃ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ንቡ ይኮበልላል። ነሐሴ ሲያልቅ ባዶው ቀፎ ታጥኖ ቦታው ላይ ይቁም፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ መንጋ መውጣት ይጀምራል። የመጀመሪያው ማር ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከግንቦት እስከ ሰኔ። የሥልጠና ጥያቄ ደብዳቤ ግን ከሁሉ ቀድሞ፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ይግባ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር መሥሪያ ቤቶቹ ዕቅድ የሚይዙት ከዚያ በፊት ነው።